ቤት የሌለው ንግድና ቤት የሚጠይቅ ፈቃድ

ንግድ የተባለ እንደ ሆነ ወዲያው በሐሳባችን የሚመጣው መደብርና መጋዘን፣ የሒሳብ መዝገብና የብረት ካዝና ነው። ነገር ግን አንድ የአዲስ አበባ ነዋሪ ከማለዳ ጀምሮ እስኪመሽ ድረስ ገንዘቡን ለማን ለማን እንደሚሰጥ አንድ በአንድ ቢቈጥር፣ ከሚከፍላቸው ሰዎች ብዙዎቹ ደጃፍም ቍልፍም የሌላቸው ሆነው ያገኛቸዋል። ጧት ጫማውን የሚጠርግለት ሊስትሮ፣ በመንገድ ዳር ስኒ ደርድራ ቡና የምታፈላው ልጅ፣ ካልሲና መሐረብ በክንዱ ላይ አንጠልጥሎ የሚያዞረው ጐረምሳ፣ ማታ ሽንኩርቱንና ቲማቲሙን በመደብ በመደብ ከፍላ የምትሸጥለት የጉሊት ሴት፣ በክረምት ደግሞ በከሰል ላይ በቆሎ የምትጠብሰው እናት፣ እነዚህ ሁሉ ነጋዴዎች ናቸው። ይገዛሉ፤ ይሸጣሉ፤ ያተርፋሉ፤ ይከስራሉም። ከሌላው ነጋዴ የሚለያቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም በግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የንግድ ፈቃድ ነው። ነገሩን የሚያስገርመው ደግሞ፣ ፈቃዱ ቢሰጣቸውም እንኳ የሚሰቅሉበት ግድግዳ የሌላቸው መሆኑ ነው።

ዛሬ ልንነጋገር የፈለግነው ስለዚህ ግድግዳ ነው። በትምህርት ላይ ያለው ወይም ትናንት ተመርቆ በአንድ መሥሪያ ቤት መስኮት ኋላ የተቀመጠው ወጣት አንባቢ፣ «ይህ የትንንሽ ሰዎች ጉዳይ ነው» ብሎ ገጹን እንዳይገለብጠው እለምነዋለሁ። ደብተሩና ጫማው በጉሊት ሽንኩርት የተገዛለት ተማሪ በየትምህርት ቤቱ ጥቂት አይደለም። ደግሞም ነገ በፈቃዱ ላይ ፊርማውን የሚያኖረው፣ ወይም አላኖርም ብሎ ወረቀቱን የሚመልሰው፣ ይኸው ወጣት ነው።

በመጀመሪያ ይህ ንግድ በከተማው ላይ ትናንት የበቀለ አረም አለመሆኑን ማወቅ ይገባል። አዲስ አበባ አስፋልትና የእግረኛ መንገድ ከማግኘቷ በፊት ገበያ ነበራት። ያ ገበያ በአራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ በሜዳ ላይ የሚቆም ነበር። ሻጩ ዕቃውን መሬት ላይ ዘርግቶ ይቀመጣል፤ ገዢው ቆሞ ይከራከራል። ነጋድራስ የሚባለው ሹም ቀረጡን ያስከፍል፣ በነጋዴዎችም መካከል የሚነሣውን ክርክር ይዳኝ ነበር። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቈየው የጣልያን ወረራ ዘመን ይህ ገበያ ከአራዳ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ እንዲዛወር ተደረገ፤ መርካቶ የሚለውም ስም፣ በጣልያንኛ ገበያ ማለት ነውና፣ የዚያ ዘመን ትራፊ ነው። ወራሪው ገበያውን ያዛወረው ለሻጩ አስቦ ሳይሆን የከተማውን እንብርት ለራሱ ወገን ለመለየት ነበር። ሕዝቡ ግን በአዲሱ ሥፍራ ላይ የራሱን ሥርዓት ተከለበት። ሸማ ተራ፣ በርበሬ ተራ፣ ምን አለሽ ተራ የሚሉትን ስሞች ልብ ብሎ ያዳመጠ ሰው፣ ሥርዓት ማለት የግድ ግንብ ማለት እንዳልሆነ ይረዳል። ተራ ቦታ ነው፤ ተራ ወረፋም ነው። ሁሉም እንደ ዕቃው ዐይነት የራሱን ሥፍራ ያውቃል፤ የጎረቤቱንም ያውቃል።

አሁን ወደ ፈቃዱ እንምጣ። የንግድ ምዝገባና ፈቃድ ነገር በ2008 ዓ.ም. በወጣው፣ ኋላም በተሻሻለው አዋጅ ቍጥር 980 የተደነገገ ነው። የሕጉ አሳብ መልካም ነው። ነጋዴው ማን እንደ ሆነ፣ ምን እንደሚነግድና የት እንደሚገኝ ይታወቅ፤ ገዢው ቢበደል የሚከሰው ሰው አያጣ፤ የመንግሥትም ግብር አይጥፋ ነው። አመልካቹ መታወቂያውንና ፎቶግራፉን ያቀርባል፤ የግብር ከፋይ መለያ ቍጥር ያወጣል፤ ንግዱ ከምግብ ጋር የተያያዘ እንደ ሆነ ደግሞ የብቃት ማረጋገጫ ይጠየቃል። እስከዚህ ድረስ አንዲት የጉሊት ሴት ጊዜና የሚረዳት ሰው ካገኘች የማትወጣው ዳገት የለም። ዳገቱ ገደል የሚሆነው የንግድ ቦታዋ አድራሻ ሲጠየቅ፣ ይኸውም የቤት ባለቤትነት ማረጋገጫ ወይም የተረጋገጠ የኪራይ ውል አምጪ ስትባል ነው።

እስቲ አንዲት እንዲህ ያለች ሴት በመስኮቱ ፊት ቆማለች እንበል። ወጣቱ ጸሐፊ የጨዋ ልጅ ነው፤ አክብሮ ይጠይቃታል።

«እናቴ፣ የንግድ አድራሻዎ የት ነው?»

«ከመድኃኒት ቤቱ ፊት ለፊት፣ ከዛፏ ሥር ነዋ ልጄ። ይኸው ዐሥራ አንድ ዓመቴ።»

«የቤት ቍጥሩን ማለቴ ነው።»

«ዛፍ ምን ቍጥር አለው ብለህ ነው?»

ወጣቱ አልሳቀባትም፤ አልተቈጣትምም። በቅጹ ላይ ለዛፍ የተተወ ቦታ ስለሌለ ብቻ ወረቀቱን መለሰላት። ጥፋቱ የእርሱ አይደለም። እርስዋም አልዋሸችም፤ አድራሻዋን ከብዙ ባለሱቅ አድራሻ ይበልጥ ሠፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ሕፃን ልጅ «ከእትዬ ዘንድ ሽንኩርት ይዘህ ና» ተብሎ ሲላክ መንገዱ አይጠፋውም። መንገዱ የጠፋው ለቅጹ ብቻ ነው።

ወረቀቱ የተመለሰባት ሴት ንግዷን ትታ ቤቷ ትቀመጣለች ማለት አይደለም። አንዳንዶቹ ይህን ሁሉ አይተው «ከነገሩ ጦም እደሩ» ይሉ ይሆናል፤ ነገር ግን ጦም የሚያድሩት እነርሱ ብቻ ሳይሆኑ ልጆቻቸውም ናቸውና በማግስቱ ተመልሰው ይወጣሉ። ልዩነቱ አሁን የሚነግዱት አንድ ዐይናቸውን በገዢው ላይ፣ ሌላውን ዐይናቸውን በመንገዱ ጫፍ ላይ አድርገው መሆኑ ነው። ደንብ አስከባሪው ብቅ ሲል የላስቲኩ አራት ማዕዘን ባንድ ጊዜ ይጨበጥና ሩጫ ይሆናል። የሮጠችው ታመልጣለች፤ ያረገዘችው፣ ያረጀችው ወይም ሕፃን ያዘለችው ግን አታመልጥም። እንግዲህ ሕጉ ሳያስበው ከሻጮች መካከል ደካማዎቹን እየለየ ይቀጣል ማለት ነው።

ዕቃዋ ሲወሰድባት ምን እንደምታጣም በትክክል መታወቅ አለበት። ባለሱቁ ቢቀጣ የሚጐድለው ከትርፉ ነው። የጉሊት ሴት ግን ብዙ ጊዜ ቲማቲሙን በማለዳ ከአከፋፋዩ በዱቤ ወስዳ ማታ ሸጣ የምትከፍል ናት። ስለዚህ የተወሰደባት የዕለት ትርፏ ሳይሆን ነገ የምትነሣበት መነሻዋ ነው። ለአከፋፋዩ ዕዳ ትገባለች፤ የእቁብ ተራዋ ይሰናከላል፤ ከአራጣ አበዳሪ ደጅ ትቆማለች። ያንድ ቀን ቲማቲም የአንድ ወር ዕዳ የሚሆነው እንዲህ እያለ ነው።

«ፈቃድ የሌለው ሰው እኮ ምንም አይከፍልም» የሚሉ አሉ። ይህ ከእውነት የራቀ ነው። ፈቃድ የሌለው ሰው ይከፍላል፤ ደረሰኝ አይቀበልም እንጂ። ለሚያስጠነቅቀው ልጅ ይከፍላል፤ ዕቃውን በመሸ ጊዜ ለሚያሳድርለት ዘበኛ ይከፍላል፤ አይቶ እንዳላየ ለሚያልፈውም ሰው አንዳንድ ጊዜ ይከፍላል። ይህ ሁሉ ገንዘብ ከከተማው ሣጥን የራቀ ነው። ሌላም ጉዳት አለ። «ነገ ከዚህ እነሣ ይሆን?» እያለች የምትሰጋ ሴት ጥላ አትገዛም፤ ጠረጴዛ አታሠራም፤ የውሃ በርሜል አታስቀምጥም። ስለዚህ በላስቲክ ላይ ትሸጣለች። ከዚያ በኋላ ላስቲኩ ይታይና «ከተማው ቆሸሸ» ይባላል። ቆሻሻውን ካመጡት ነገሮች አንዱ ስጋቱ መሆኑን ልብ የሚል ሰው ግን ጥቂት ነው።

በሌላው ወገን ያለውን ክርክር ሳይሰሙ መፍረድ አይገባም። እግረኛው መንገዱ ተዘግቶበት ወደ መኪናው መንገድ ይወርዳል፤ ዐይነ ሥውሩና በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄደው ሰውማ ከሁሉ ይልቅ ይቸገራሉ። ይህ እውነት ነው። ከሁሉም ይልቅ ሚዛን የሚደፋ የሚመስለኝ ግን የባለሱቁ ቅሬታ ነው። ኪራይ ይከፍላል፤ ግብር ይከፍላል፤ ለመብራቱ ይከፍላል፤ ከደጁ ፊት ደግሞ ያንኑ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ያለ ኪራይና ያለ ግብር ይቀመጥበታል። ይህ ሰው ቢያጕረመርም አይፈረድበትም። ነገር ግን የዚህ ቅሬታ ፈውስ ማባረር ነውን? የተባረረው በሦስተኛው ሰዓት ተመልሶ ይመጣል፤ አሁንም አይከፍልም። እንዲከፍል ከተፈለገ መጀመሪያ መመዝገብ አለበት፤ እንዲመዘገብ ከተፈለገ ደግሞ የሌለውን ቤት አምጣ መባል የለበትም።

በዚህ ረገድ የግብር ሕጋችን ከፈቃድ ሕጋችን ይልቅ አስተዋይ ሆኖ ነበር። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ የዓመት ሽያጩ ከ500,000 ብር የማይደርሰውን ግለሰብ ነጋዴ «ደረጃ ሐ» ብሎ በመመደብ፣ እንደ ትልቁ ኩባንያ መዝገብ ያዝ ሳይለው በግምት እንዲከፍል ፈቅዶለት ነበር። ደረጃዎቹ ከዚያ ወዲህ ቢሻሻሉም የአሳቡ ሥር ግን ግልጽ ነው፤ መዝገብ መያዝ የማይችለውን ሰው መዝገብ መጠየቅ ሰውየውንም ግብሩንም ማጣት ነው። ታዲያ በግብር በኩል በልኩ የተሰፋለት ሰው በፈቃድ በኩል ስለ ምን የሌላ ሰው ካባ ልበስ ይባላል?

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። ገበያ ያለው ከተማ ሁሉ አግኝቶታል፤ አንዳንዱ በብልሃት ተወጥቶታል፤ አንዳንዱም በራሱ እጅ አባብሶታል። ስለዚህ ከውጭ አገር ሁለት ሦስት ከተሞችን መመልከት ይጠቅማል።

ስለ ንጽሕናዋ ስትመሰገን የምንሰማት ሲንጋፖር ነጻ መንግሥት በሆነችበት በ1965 እ.ኤ.አ. መንገዶቿ ምግብ አብስለው በሚሸጡ ሰዎች የተሞሉ ነበሩ። ንጹሕ ውሃ በቅርብ የላቸውም፤ እጣቢው ወደ ቦይ ይደፋል፤ የአንጀት ተስቦና የኮሌራ ሥጋትም ነበር። መንግሥቷ ለስላሳ መንግሥት አልነበረም፤ በጉልበት ጠራርጎ ማባረር ያቅተው ነበር ብሎ የሚያስብ ያለ አይመስለኝም። ያደረገው ግን ሌላ ነው። በመጀመሪያ፣ በ1968 እና በ1969 እ.ኤ.አ.፣ ቈጠራቸው። ወደ 18,000 የሚሆኑ የመንገድ ነጋዴዎች ተመዘገቡ። ከዚያ በኋላ ጊዜያዊ ፈቃድ ሰጣቸው፤ ከትልልቁ ጐዳና አንሥቶ በውስጥ ለውስጥ መንገድና በመኪና ማቆሚያ ሥፍራዎች ደለደላቸው። ከዚያም ከ1971 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ውሃና መብራት፣ የፍሳሽ ቦይና መጸዳጃ ቤት ያላቸውን የገበያ አዳራሾች ይሠራ ጀመር፤ አዳራሹ ባለቀ ቍጥር ነጋዴዎቹን እያስገባ፣ በ1986 እ.ኤ.አ. ሥራውን ፈጸመ። አዳራሾቹንም ብዙዎቹን የሠራቸው አዲስ በሚታነጹ የመኖሪያ መንደሮች መካከል፣ በላተኛው በሚኖርበት ሥፍራ ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. ደግሞ ያ ጥንት ቆሻሻ የተባለው የመንገድ ምግብ በዩኔስኮ የቅርስ መዝገብ ላይ ሰፈረ።

ከዚህ ታሪክ ሊያዝ የሚገባው የአዳራሹ ግንብ ሳይሆን የሥራው ቅደም ተከተል ነው። መቍጠር ቀደመ፤ ፈቃድ ተከተለ፤ ቦታ ተሠራ፤ መዛወር በመጨረሻ መጣ። በብዙ ከተማ የሚሠራው ተገልብጦ ነው። መጀመሪያ ይነሣሉ፤ ቦታው «ይታሰብበታል» ይባላል፤ ቍጥራቸውን ግን እስከ መጨረሻው የሚያውቅ የለም። ቦታ ተሰጠ ሲባልም ሰው በማያልፍበት ጥግ ይሆንና ሻጩ ሁለት ሳምንት ዝንብ ሲያባርር ሰንብቶ ወደ ቀድሞው ሥፍራው ይመለሳል። ይህን ጊዜ «ቦታ ብንሰጣቸውም እንቢ አሉ» ተብሎ ይጻፍባቸዋል። ገዢ የሌለበት ቦታ ለነጋዴ ቦታ አይደለም፤ ሜዳ ነው።

የኒው ዮርክ ከተማ ደግሞ ሌላውን ስሕተት አሳይታናለች። በዚያ አገር ምግብ የሚሸጥ ጋሪ ወይም መኪና ያለው ሰው ሁለት ወረቀት ያስፈልገዋል፤ አንዱ ለሰውየው፣ ሁለተኛው ለጋሪው። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ የከተማው ምክር ቤት የጋሪው ፈቃድ ከሦስት ሺህ ገደማ እንዳይበልጥ ወሰን አበጀለት። መንገዱ እንዳይጣበብ ታስቦ ነው። ሻጮቹ ግን በዚያ ቍጥር ላይ ቆመው አልቀሩም፤ ከየአገሩ የፈለሰ ሰው ሁሉ እንጀራውን በጋሪ ላይ ይፈልግ ነበርና። ውጤቱ ምን ሆነ? ከተማው ለሁለት ዓመት 200 ዶላር ገደማ የሚያስከፍልበት ወረቀት በጨለማ ገበያ እስከ 20,000 ዶላርና ከዚያም በላይ ይከራይ ጀመር። ፈቃዱን የያዘው ሰው ቤቱ ተቀምጦ ኪራይ ይበላል፤ ከጋሪው ኋላ ቆሞ የሚጠብሰው ሰው ግን ለወረቀቱ ጌታ ገባር ሆነ። ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ፣ በ2021 እ.ኤ.አ.፣ ምክር ቤቱ በየዓመቱ 445 አዲስ ፈቃዶች ለዐሥር ዓመት እንዲጨመሩ፣ የአዲሱ ፈቃድ ባለቤትም በጋሪው ላይ ራሱ እንዲገኝ የሚያዝ ሕግ አወጣ። እኛም ዘንድ የጉሊት መደብ ወይም የኮንቴይነር ሱቅ በሚታደልበት ጊዜ ይህ ታሪክ ቢታወስ ደግ ነው። መደቡ በአንድ ሰው ስም ወጥቶ በሌላ ሰው እጅ ሲገኝ አይተን የማናውቅ ነንን?

ሦስተኛዋ ሕንድ ናት። በ2014 እ.ኤ.አ. ያወጣችውን የመንገድ ነጋዴዎች አዋጅ አፈጻጸሙን በየከተማው ብንመረምር ብዙ ጉድለት እናገኝበታለን፤ ቃሉ ግን ሊነበብ የሚገባው ነው። ቦታ የሚደለድለው የከተማ ኮሚቴ ከአባላቱ ከመቶ 40 የማያንሱት ራሳቸው የመንገድ ነጋዴዎች እንዲሆኑ፣ ከእነዚህም ሲሶው ሴቶች እንዲሆኑ ያዝዛል። ቈጠራው ተፈጽሞ ወረቀቱ ሳይሰጥ ማንም ከቦታው እንዳይነሣ ይከለክላል። ከሁሉም ይልቅ ልብ የሚነካው ስለ ተያዘ ዕቃ የጻፈው ነው። የተያዘው ዕቃ ዝርዝሩ ተጽፎ ለባለቤቱ ይሰጣል፤ የማይበላሽ ዕቃ እንደ ሆነ ባለቤቱ በጠየቀ በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ፣ የሚበላሽ እንደ ሆነ ግን በጠየቀበት በዚያው ቀን ይመለስለታል። ይህን አንቀጽ የጻፈው ሰው ቲማቲም ሲያድር ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ሰው ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ «ያለ ቤት ፈቃድ እንዴት ይሰጣል?» ለሚለው ጥያቄ መልሱን ራሳችን ሠርተን አሳይተናል። ከ2014 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች የእሑድ ገበያዎች ተከፍተዋል። የኑሮ ውድነቱን ለማርገብ አምራቹ ከሸማቹ ጋር ፊት ለፊት ይገናኝ ተብሎ፣ በሌላው ቀን ለሌላ አገልግሎት የሚውል ሥፍራ ለአንድ ቀን ገበያ ይሆናል። ሽንኩርቱ ይወርዳል፤ ድንቹ ይመዘናል፤ ማታ ይጠረግና ሥፍራው እንደ ቀድሞው ይሆናል። ለዚህ ሁሉ ካርታና የኪራይ ውል አላስፈለገም። ያስፈለገው ሥፍራና ሰዓት፣ አንድም ኃላፊ ነው። እንዲሁም በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በገባ ጊዜ አትክልት ተራን የሚያህል ገበያ በአጭር ጊዜ ከፒያሳ አካባቢ ተነሥቶ ወደ ጃንሜዳ ሄዷል፤ በተከታዩም ዓመት ወደ ኃይሌ ጋርመንት ተሻግሯል። ሲፈለግ እንደሚቻል ከዚህ የበለጠ ምስክር አያሻም።

ስለዚህ የእኔ አስተያየት ይህ ነው። ለእንዲህ ዐይነቱ ንግድ የሚሰጠው ፈቃድ የቤት ሳይሆን የመደብና የሰዓት ፈቃድ ይሁን። በአንዲት ወረቀት ላይ የሰውየው ፎቶግራፍ፣ የሚሸጠው ዕቃ ዐይነት፣ በክንድ ወይም በሜትር የተለካው ሥፍራ፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሚቆም ይጻፍባት። ሥፍራው ሲለካ ለእግረኛው የሚበቃው መንገድ አስቀድሞ ይከለል፤ የተረፈው ነው የሚደለደለው። ባለሱቁ ከደጁ ፊት ያንኑ የራሱን ዕቃ የሚሸጥ ሰው እንዳይመደብበት መጠየቅ መብቱ ይሁን። ክፍያው በየወሩ ጥቂት ሆኖ በደረሰኝ ይሁን፤ ወረቀቷም የማትሸጥና የማትከራይ ትሁን፤ ባለቤቷ ሦስት ወር ከመደቡ ከጠፋ ለተረኛው ትለፍ። ነገር ግን ስትወልድ የቀረች ሴት ጠፋች እንዳትባል አንድ ቃል ይጨመርበት። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማቱ ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች ተሠርተዋልና ወደፊት መሐንዲሱ ሥዕሉን ሲያወጣ ለዛፉና ለመቀመጫው እንደሚያስብ ሁሉ ለመደቡም ሁለት ክንድ ቢያስብለት መንገዱ አይጠብም።

የበሰለ ምግብ ሲሆን ጥንቃቄው ሊጠብቅ ይገባል፤ በዚህ ላይ ርኅራኄ አያስፈልግም። የሚበላው ሰው ተማሪ ነው፤ ቀን ሠራተኛ ነው፤ ቢታመም የሚታከምበት የሌለው ሰው ነው። ግን ጥንቃቄው በምን ላይ ይሁን? ምግብን ንጹሕ የሚያደርገው ቤት አይደለም። ግንብ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ሰው የመረዘ ወጥ ስንት ነው! የዓለም የጤና ድርጅት ለሕዝብ የሚያስተምረው እጅን መታጠብን፣ ጥሬውን ከበሰለው መለየትን፣ አብስሎ ማብሰልን፣ ንጹሕ ውሃንና ትኵስነትን ነው። የበሰለ ምግብ ትኵስ ሆኖ የሚቈይ ከሆነ ከ60 ዲግሪ በላይ፣ ቀዝቅዞ የሚቀመጥ ከሆነ ከ5 ዲግሪ በታች መሆን አለበት፤ በመካከሉ ከሁለት ሰዓት በላይ ማቈየት ለበሽታ በር መክፈት ነው። እንግዲህ ተቈጣጣሪው ሳምቡሳና የተቀቀለ ድንች ከምትሸጠው ሴት ዘንድ ሲሄድ የቤት ውል ከሚጠይቃት ይልቅ «የእጅ መታጠቢያ ውሃሽ የት አለ? እጣቢውን የት ትደፊያለሽ? ምግቡን በምን ትሸፍኛለሽ? የጤና ምርመራሽ መቼ ነው?» ይበላት። የአንድ ቀን ትምህርት ተሰጥቷት ፈተናውን በቃል ብትመልስ ይበቃታል፤ የምትፈተነው በንባብ ሳይሆን በእጇ ነውና።

በመኪና ላይ ወጥ ቤት አበጅተው የሚነሡ ወጣቶችም ጉዳይ ከዚህ አይርቅም። ተመርቀው ሥራ ያጡ ሁለት ሦስት ጓደኛሞች ገንዘባቸውን አዋጥተው አንዲት አሮጌ መኪና ይገዙና ምድጃና ማቀዝቀዣ ይገጥሙባታል። ከዚህ በኋላ የሚገጥማቸው ጥያቄ ከጉሊቷ ሴት ጥያቄ ጋር አንድ ነው፤ «አድራሻችሁ የት ነው?» መኪናዋ እንደ መኪና ትመርመር፤ ወጥ ቤቷ እንደ ወጥ ቤት ትመርመር፤ የምትቆምበት ሥፍራና ሰዓት በወረቀት ይጻፍላት። ነገር ግን ሦስቱን ነገር ሦስት መሥሪያ ቤት እየተቀባበለ፣ አንዱ የሌላውን ማኅተም ሳያይ አልፈርምም ሲል፣ ዘይቱ በምጣዱ ላይ ሳይፈስ ገንዘባቸው በታክሲ ሒሳብ ያልቃል። ሦስቱ ሹማምንት በሳምንት አንድ ቀን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ቢቀመጡ ምን ይጎድልባቸዋል?

ሥራው በቈጠራ ይጀመር ብለናል። ቈጣሪ ከየት ይመጣል የሚል ቢኖር፣ በ1957 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲው የተጀመረው የተማሪዎች አገልግሎት ወጣቱን ለአንድ ዓመት ወደየአውራጃው ይልክ እንደ ነበር ያስታውስ፤ ዛሬም በየክረምቱ በበጎ ፈቃድ ተሰልፎ ቤት የሚያድስና ችግኝ የሚተክል ተማሪ ሞልቷል። ከእነዚህ መካከል ኻያ ያህሉ እርሳስና ደብተር ይዘው በአንድ ወረዳ ቢሰማሩ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ማን በየት ጥግ ምን እንደሚሸጥ፣ ስንት ዓመት እንደ ቈየ፣ ውሃ ከየት እንደሚቀዳ ጽፈው ይመለሳሉ። ደንብ አስከባሪ አብሯቸው ባይሄድ ይሻላል፤ አለዚያ የሚቈጥሩት ባዶ መንገድ ይሆናል። ቈጠራውም በቀን ብቻ እንዳይሆን፤ የበቆሎና የድንች ሻጮቹ ከሰላቸውን የሚያቀጣጥሉት ከምሽቱ ዐሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ ነው።